በማርያም እግር ሥር ያለችው ሴት

ባለፈው ሰሞን ሦስት ወጣቶች ደጄ ድረስ መጡ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ጣታቸው ሁሉ በቀለም የተነከረ። በወረታ ዋናው መንገድ ዳር ያለውን ረጅሙን ግንብ አይቼው እንደሆነ ጠየቁኝ። አላየሁትም እንዳልል ከገበያ ስመለስ ሁልጊዜ በፊቱ ነው የማልፈው። ሩዝ የሚያበጥሩ ሴቶች፣ ከብት የሚነዱ ገበሬዎች፣ ጆንያ የተሸከመ ጎረምሳ፣ ሱቁ በር ላይ የተቀመጠ ነጋዴ፤ ሁሉም የምናውቀው የከተማችን ሰው ነው። አሣሣላቸው ግን እንደ ጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ ዐይኑ ትልልቅ፣ ፊቱ ሙሉ፣ ልብሱ ቀይና ቢጫ። መንገደኛው ሁሉ ቆም እያለ "ይኸ እገሌ አይደለም እንዴ?" እያለ ይስቃል።

"እማማ፣ አንድ ቦታ ቀርቶናል፤ የእርስዎን ፊት ብናደርግበት ብለን ነው" አለችኝ ልጅቱ።

"ፊቴን ተዉልኝ" አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን በሩን ዘጋሁባቸው።

ምስኪኖች፣ ምን በደሉኝ? ልጄ ማታ ሰምቶ "የሰው ልጅ በአክብሮት ሲመጣ እንዲህ ይባላል?" ብሎ ተቆጣኝ። እውነቱን ነው። ግን ፊትን ለሠዓሊ መስጠት ምን እንደሚያመጣ እሱ የት ያውቀዋል? ለልጆቼ ያልነገርኳቸውን እዚህ ላስፍረው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ እጄ አያምርም፤ ይነበባል ግን።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ በንጉሡ ጊዜ ነው። ያኔ ፎገራ ሩዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ከቤት ቤት ለመሄድ ቀሚስ እስከ ጉልበት መሰብሰብ ነው። ውኃው ሲሸሽ በጥቁሩ አፈር ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ጥቅምት ላይ ኑጉ ሲያብብ አገሩ በሙሉ ቢጫ ይሆናል፤ ንቡ እንኳ የት እንደሚያርፍ ይቸግረዋል። እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴን አላውቀውም፤ ታቅፌ ሳለሁ ነው የሞተው። እናቴ ደብሪቱ እኔንና በሦስት ዓመት የሚበልጠኝን ወንድሜን አላምረውን ጥጥ እየፈተለች፣ የሰው ማሳ እያረመች አሳደገችን። አላምረው ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዲያቆን ሆነ። እናቴ እሱ ሲቀድስ ከሴቶቹ መካከል ቆማ አንገቷን ስታሰግግ ማየት ነበር። በዓለም ላይ ሌላ የምትኮራበት ነገር አልነበራትም።

የአጥቢያችን የማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ከወረታ ወጣ ብሎ ነው፣ አሮጌው እንጨት በምስጥ ተበልቶ ሊወድቅ ሲል ሕዝቡ ተማክሮ በአዲስ ሠራው። ወንዶቹ እንጨትና ድንጋይ፣ ሴቶቹ ለጭቃው ውኃ እንዲያመጡ ተራ ተመደበ። ሌላው ሰው ተራውን ጠብቆ ይመጣል። እናቴ ተራ የሚባል ነገር አታውቅም። በጋውን ሙሉ ጧት ጧት እንስራዋን አዝላ ወንዝ ትወርዳለች፤ ግድግዳው ሲመረግም በገዛ መዳፏ አለሰለሰችው። "ጀርባሽን ልትቆርጪ ነው?" ስላት "ለእሷ ያልሆነ ጀርባ ለማን ሊሆን ነው?" ትለኛለች። ቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ለበሰ፣ ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። መስከረም ላይ ንዳድ ያዛትና በስድስተኛው ቀን ሞተች።

የድሃ መቃብር በፎገራ ምን እንደሚሆን የዚያ አገር ሰው ያውቀዋል። በሁለት ክረምት ጎርፉ ያስተካክለዋል፤ በሦስተኛው የት እንደነበር ልጅ እንኳ አያገኘውም። እኔን ያስለቀሰኝ ሞቷ ብቻ አልነበረም። ይህች ሴት እንዳልነበረች ሆና መቅረቷ ነው ያንገበገበኝ። ስሟ አንድ ቦታ እንዲቀር ፈልጌ ነበር፤ ከዚያ በላይ ምንም አልተመኘሁም።

ኅዳር ላይ ሠዓሊው ከጎንደር መጣ። አለቃ ፈንታ ይባላል፤ ረጅም፣ ጠይም፣ ሲናገር ዐይኑን የሚጨፍን ሰው። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዳስ ተጣለለት፤ ለግድግዳው የሚለጠፈው አቡጀዴ፣ ነጩ ጨርቅ፣ እዚያ ተወጥሮለት ሥራ ጀመረ። ያ ዳስ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። የበሬ ቆዳ ተቀቅሎ ሙጫ ይሆናል፤ ሙጫው ሲፈላ ውሻ እንኳ ይሸሻል። እኛ ሴቶቹ ግን እንዝርታችንን ይዘን እዚያው ነው የምንውለው። ሥዕል ሲወለድ የማየት ያህል ደስ የሚል ነገር የለም፤ መጀመሪያ በከሰል መስመር ብቻ ነው፣ ከዚያ ጠዋት ስትመጪ ሰው ሆኖ ይጠብቅሻል።

አለቃ ፈንታ የመጣ ዕለት ካህናቱንና ሕዝቡን ሰብስቦ እንዲህ አለ፦ "የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች በግድግዳ ላይ ያገራቸውን ሰው ይስሉ ነበር። የሆሳዕናው ሕዝብ የጎረቤታቸው ፊት ነበረው፤ በማርያም እግር ሥር የተደፋውም ስሙ ተጽፎለት ይታወቅ ነበር። እኔም የማደርገው ያንኑ ነው። ይህን ቤት የሠራችሁ ሁላችሁም ትገባላችሁ።"

ወይ ጉድ፣ ያገሬ ሰው እንዴት ሆነ መሰላችሁ። ጢሙን የሚያበጥር፣ ቅቤ የሚቀባ፣ ነጠላውን አጥቦ በሰልፍ የሚመጣ። የመጀመሪያው ጭቅጭቅ የመጣው በዐይን ነው። እንደምታውቁት በኛ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰውና ሰይጣን በጎን ተስሎ አንድ ዐይን ብቻ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ባለ ሁለት ዐይን ልሁን አለ። ጌታችንን ለሚገርፉት ወታደሮች ፊቱን የሚሰጥ አንድ እንኳ ጠፋ። አለቃ ፈንታ "እንግዲህ በዚህ አጥቢያ ኃጢአተኛ ከሌለ ከራሴ ላውጣው" ብሎ ከልቡ ሣላቸው። የወረታው ነጋዴ ኑርሁሴን ደግሞ ቀለሙን ያመጣው እሱ ስለሆነ "አንተንም ከነገሥታቱ አንዱ ላድርግህ" ቢለው "እኔን ይተዉኝ፤ በቅሎዬን ይሳሉልኝ" አለ። እመቤታችን ወደ ግብፅ ስትሰደድ የተቀመጠችባት እንስሳ የኑርሁሴን በቅሎ ናት። አሁንም ድረስ አለች፤ ጆሮዋ የተቀደደው ሳይቀር።

በማርያም እግር ሥር የምትደፋዋ አንዲት ሴት ናት፤ ቦታው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ብዙው ሰው ያ ቦታ የወይዘሮ ብርቄ ይሆናል ብሎ ጠብቋል። ወይዘሮ ብርቄ ማለት ከይፋግ ወዲህ ያለው የግጦሽ መሬት ገሚሱ የእሷ የሆነ ባለጸጋ ናት፤ ከብቶቿ ሲሰማሩ ሜዳው ነጭና ጥቁር ይሆናል። አቡጀዴውንም የሰጠች እሷ ናት። አለቃ ፈንታ ግን "ጨርቁን ማን ሰጠ አላልኩም። ግድግዳውን ማን አቆመው?" ብሎ ጠየቀ። ከሴቶቹ በኩል "ደብሪቱ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሌላም፣ ሌላም። ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩና "ይገባታል" አሉ። ወይዘሮ ብርቄ በዚያ ቀን አልነበረችም።

"ፊቷን ግን አላየሁትም" አለ ሠዓሊው።

"ልጇን ይዩ። ቁርጥ እሷን ናት" አሉት፣ እኔን ወደ ፊት እየገፉ።

አሮጊቶቹ አልወደዱትም። የቁም ሰው ፊቱን ለሞተ አያውስም፣ ዕድሜ ይቀንሳል ብለው መከሩኝ። ይቀንስ አልኩ። በነቢያት ጾም፣ ስምንት ቀን፣ ሆዴ ባዶ፣ በዳሱ ወለል ላይ በክርኔ ተደፍቼ ፊቴን ወደ አለቃ ፈንታ ቀና አድርጌ ዋልኩ። አንገቴ ከእንጨት የተሠራ እስኪመስለኝ ድረስ ነው የሚደክመኝ። ወደ ማታ ሲፈታኝ አንዷ ጎረቤት የተጠበሰ ሽምብራ በእፍኝ ታመጣልኛለች፤ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ነገር ከዚያ ወዲህ በልቼ አላውቅም። እሱ እየሣለ ይጠይቀኛል። "ግንባሯ ላይ መስመር ነበራት? ስትቆጣ ወይስ ስታስብ?" እኔ እነግረዋለሁ። በአንገቷ ዙሪያ ሦስት ረድፍ ንቅሳት እንደነበራት፣ በግራ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት እንዳለ፣ ስትስቅ አንዱ ቅንድቧ ከሌላው ቀድሞ እንደሚነሣ። በስምንተኛው ቀን "ነይ እይ" አለኝ። ተነሥቼ አየሁ። እኔ አልነበርኩም። እናቴ ነበረች፤ በእግዚአብሔር ስም እናቴ። ዳሱ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ቀብሯ ቀን አለቀስኩ፤ አለቃ ፈንታም ብሩሹን አስቀምጦ ወጣ።

የቀረው ስሙ ነበር። በክርስትና ስሟ ወለተ ሐና ናት። እንደ ደንቡ በግዕዝ "ወለተ ሐና እንዲህ ተማፀነች" ተብሎ ከሥሯ ይጻፋል። አለቃ ፈንታ ሥዕል እንጂ ጽሕፈት ብዙም አይሆንለትም፤ የአላምረው እጅ ደግሞ የታወቀ ነው፣ ፊደሉ እንደ ተደረደረ ዛጎል ነው። "የእናትህን ስም አንተው ጻፈው" አለው። አላምረው ፊቱ ቀላ። ደስታ ነው ብዬ አሰብኩ።

ጥር ሃያ አንድ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ሥዕሉ ሁሉ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መጋረጃው ተገለጠ። እልልታው፣ ከበሮው፣ ሰው ራሱን እየፈለገ የሚጋፋው። አላምረው በሕዝቡ መካከል መጥቶ እጄን ያዘኝና ወደ ግድግዳው ወሰደኝ። ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያሳለፈ ቃል በቃል አነበበልኝ። "ወለተ፣ ሐና።" ከዚያ እኔም ጣቴን እንዳሳልፍበት አደረገኝ። ተንበርክኬ ሳምኩት። ወይዘሮ ብርቄም ቀጥላ መጣች፤ ጥቁር ካባዋን ለብሳ፣ በዘንግ ተደግፋ። ተንበርክካ እዚያው ቦታ ሳመችና እንባዋን ጠረገች። የኔ እናት ስትሳም አይቼ "ይህች ሴት እንዴት ያለች ደግ ናት" አልኩ በልቤ።

በዓመቱ አላምረው የወይዘሮ ብርቄን ልጅ አገባ። አገሩ ጉድ አለ፤ ድሃ ዲያቆን ባለጸጋ ቤት ገባ። እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ? የእናቴ ጸሎት ነው ብዬ ነው። ለእሱ ከሐሙሲት በኩል መሬትና በሬ ተሰጥቶት ጎጆ ወጣ። እኔም ወረታ ላይ ለአንድ ሸማኔ ተዳርኩ፤ መልካም ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር።

ከወረታ ወደ ማርያም በየወሩ በሃያ አንድ እሄዳለሁ። ጧፍ አበራላታለሁ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ባሌ፣ ስለ ገበያው እነግራታለሁ። ከሄድኩ ዘንድ ፊደሎቹን አያለሁ። እያየሁ እያየሁ ቅርጻቸውን በቃሌ ያዝኩት። ቤት ገብቼ በአመድ ላይ በጣቴ እጽፈዋለሁ። አንድ ክረምት አክርማ የሚባለውን ሣር ሰብስቤ፣ አለላውን ቀይና ጥቁር አቅልሜ አንድ ሙዳይ ሰፋሁ። በክዳኑ ዙሪያ ያንን ስም በጥቁር አለላ አስገባሁት። የእናቴን ስም በገዛ እጄ ጻፍኩ ብዬ እንዴት እንደኮራሁ አልነግራችሁም። አላምረው በእንግድነት ሲመጣ በሙዳዩ ቆሎ አቀረብኩለት። ክዳኑን አንሥቶ በእጁ አዟዟረው፣ ፊደሎቹን አየ፣ ቀስ ብሎም አስቀመጠው።

"እጅሽ የተባረከ ነው፣ አንጓች" አለኝ። ቆሎውንም በላ።

ከዚያ ነገር በኋላ ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ወገቤ አልነሣ አለ። ዋንዛዬ ፍልውኃ ሂጂ ተባልኩና ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሄድኩ። ሥዕሉ ከተሣለ አራት ዓመት ሆኖታል። ከውኃው ዳር እንፋሎቱ እየተነሣ፣ ሰው ተራውን እየጠበቀ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እኔም ሙዳዬን ከፍቼ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነበር። በአጠገቤ እግሩ ያበጠ አንድ ሽማግሌ በሁለት ሰው ተደግፎ መጥቶ ተቀመጠ። ዐይኑን ጨፍኖ ሲናገር ነው ያወቅኩት።

"አለቃ ፈንታ፣ እርስዎ ነዎት?" ብዬ ጉልበቱን ሳምኩ።

ትኩር ብሎ አየኝ። "የደብሪቱ ልጅ። ፊትሽን ከማንም ፊት አስበልጬ አውቀዋለሁ" አለ። ደስ አለው። ከሙዳዬ ዳቦ ቆሎ ሰጠሁት። ክዳኑን እያየ ፈገግ አለና "ይኼን የሰፋሽው ለወይዘሮ ብርቄ ነው እንዴ?" አለኝ።

"ለምን ለወይዘሮ ብርቄ?"

"የክርስትና ስሟን ጽፈሽበት የለ? ወለተ ጽዮን።"

"ወለተ ሐና ነው እንጂ" አልኩት። "የእናቴን ስም ነው፣ ከሥዕሉ ነው የወሰድኩት። ተሳስተዋል፣ አለቃ።"

ሽማግሌው እንደገና ክዳኑን ወስዶ ወደ ዐይኑ አስጠጋው። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን።

"ልጄ" አለ፣ "ፈቅደሽ አይደለም እንዴ?"

"ምኑን ነው የፈቀድኩት?"

"ወንድምሽ መጥቶ፣ እናቴ የሞተች ናት፣ ስሟ በሰማይ ተጽፏል፤ ወይዘሮ ብርቄ ግን በቁሟ መማፀን ትፈልጋለች፤ እህቴም እሺ ብላለች አለኝ። ለካህናቱም እንዲሁ ነው ያላቸው። እኔ ፊቱን አልቀይርም ብዬ ተጣላሁ፤ ፊቱ ይቅር፣ ስሙ ብቻ ይለወጥ ተባለ። እህቲቱ ከፈቀደች እኔ ማን ነኝ ብዬ ተውኩት። አንቺ ራስሽ ፈቀድሽ አለኝ እኮ፣ ልጄ።"

ያን ጊዜ ውኃው ዳር ስንት ሰው እንደነበር፣ ምን እንዳሉኝ አላስታውስም። የማስታውሰው የራሴን ጣት ነው። በዚያ ስም ላይ አራት ዓመት የተመላለሰች፣ በአመድ ላይ የጻፈች፣ በአለላ የሰፋች ጣት። አላምረው ያነበበልኝ ጊዜ ጣቴን ይዞ ያሳለፈው እሱ ነበር። አንብቦ ቢዋሸኝ አንድ ነገር ነው። ጣቴን ምን አድርጊ ብሎ ያዘው?

ሳልታጠብ ተመለስኩ። በማግስቱ ሐሙሲት በኩል ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። አውድማ ላይ ነበር፤ በወይዘሮ ብርቄ በሬዎች ጤፍ እያበራየ። ገለባው በፀሐይ ያብረቀርቃል፣ በሬዎቹ ይዞራሉ፣ እሱ ከኋላቸው በአለንጋ። ሲያየኝ ፈገግ ብሎ መጣ። ሙዳዩን ዘረጋሁለት።

"አያ፣ ይኼን አንብብልኝ።"

አልተቀበለኝም። ፈገግታው ግን ጠፋ። "ማን ነገረሽ?" አለ።

ምንድን ነው አላለም። እንዴት አላለም። ማን ነገረሽ አለ። እስከዚያ ድረስ በልቤ ጥግ ሽማግሌው ጃጅቶ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ።

"አለቃ ፈንታ።"

አለንጋውን መሬት ላይ ጥሎ ቁጢጥ አለ። "ምን ላድርግ ነው የምትዪኝ? ሴትዮዋ ልጄን የምሰጥህ ስሜ እዚያ ከገባ ብቻ ነው አለችኝ። መሬት የለን፣ በሬ የለን። ድቁና ብቻውን ጎጆ አያወጣም።"

"ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"እምቢ ትያለሻ።"

"እምቢ እላለሁ እንጂ።"

"ፊቷ አለ አይደል?" አለ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። "ፊቷን ማን ወሰደው? እናታችን መሆኗን እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ድንግልም ታውቃለች።"

"እኔና አንተ ስንሞት ማን ያውቃታል? ያን ያህል እንስራ አዝላ የዞረችው እኮ የሰው ስም ልትሸከም አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ የማንን ስም ነው ስታሳልመኝ የኖርከው? እቤቴ መጥተህ ቆሎዬን ስትበላስ?"

በሬዎቹ ቆመው ገለባውን መብላት ጀመሩ፤ ማንም አልከለከላቸውም። በመጨረሻ "ሴትዮዋ አሮጊት ናት" አለኝ። "እሷ ስታልፍ በእጄ አስተካክለዋለሁ። በእጄ እንዳበላሸሁት በእጄ።" እግሬ ላይ ወደቀ። እኔም አመንኩት። ሞኝነቴን ተመልከቱ፤ በአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተታለልኩ። ግን ከእሱ ሌላ ማን ነበረኝ?

ቤቴ ገብቼ የሙዳዩን ክዳን በወስፌ ፈታሁት። አንድ ክረምት የፈጀብኝ ስፌት በአንድ ከሰዓት አለቀ።

ወይዘሮ ብርቄ በሁለተኛው ዓመት ሞተች። አርባዋ ወጣ፣ ሙት ዓመቷም አለፈ። አላምረው ያን ጊዜ ቄስ ሆኗል፣ የቤተ ክርስቲያኑም ገበዝ ሆኖ ቁልፉ በእጁ ነው። ሄጄ ጠየቅኩት። "አሁን ሰው ምን ይላል?" አለኝ። "ልጆቼ አያታችን ናት እያሉ ነው የሚስሟት።" ልጆቹስ አልተሳሳቱም፤ አያታቸው ናት። ሌላዋ አያታቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ፊደል ልቁጠር ያልኩት። ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲገቡ ደብተራቸውን እየለመንኩ፣ እየሳቁብኝ፣ ተማርኩ። ዳግመኛ ማንም እንዳያነብልኝ ብዬ ነው። ሰው ሲማር ያልፍልኛል ብሎ ነው፤ እኔ በንዴት ነው የተማርኩት። ሽማግሌ ገብቶ አስታረቀን፤ አላምረው ድንጋይ ተሸክሞ እግሬን ስሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሰው ፊት ነበርና ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። ውሸቴን ነው። ሲሞትም ሄጄ አለቀስኩ፣ ደረቴን መታሁ፤ ልቤ ግን አልተፈታም። ወንድሜ ነበርና እወደው ነበር፤ ስለምወደው ነው ያልተፈታው። ስሙን እንዲያስተካክሉት እሱ ካለፈ በኋላም ካህናቱን ለመንኩ። አዲሶቹ ካህናት ልጆች ናቸው፤ "እማሆይ፣ የአባቶችን ጽሑፍ እንዴት እንነካለን?" አሉኝ። ምስክሬ ማን ነው? አለቃ ፈንታ የለ፣ በዳሱ ውስጥ ጥጥ የፈተሉት ሴቶች የሉ።

እኔ አሁን በዕድሜ እናቴን እጥፍ አልፌያታለሁ። ጉንጬ ጎድጉዷል፣ ግንባሬ ላይ ለአለቃ ፈንታ የነገርኩት መስመር የኔው ሆኗል።

ባለፈው ጥር፣ የአስተርእዮ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዴ ከሥዕሉ ፊት ቆምኩ። አንዲት ልጅ እግር ሴት፣ ሕፃን ያዘለች፣ በአጠገቤ ቆማ አንድ ጊዜ እኔን አንድ ጊዜ ግድግዳውን ታያለች።

"እማማ፣ እንዲያው ልጠይቅዎትና" አለችኝ በአክብሮት፣ "ይቺን ወይዘሮ ቁርጥ እሷን ይመስላሉ። ዘመድዎ ናት?"

"የቷን?"

"ወይዘሮ ብርቄን።"

ስሙን ስሰማ ደሜ ፈላ። "አይደለችም። አላውቃትም" አልኳት። ልጅቷ ደነገጠችና ይቅርታ ብላ ሄደች። እኔ የመለስኩት ለስሙ ነበር። አፌ ሲናገር ግን ዐይኔ ፊቷ ላይ ነበር፤ እናቴ ከተደፋችበት ቀና ብላ፣ በሁለት ዐይኗ፣ እያየችኝ ነበር። ስድሳ ዓመት ሙሉ ያቺ ሴት እናቴ ናት ብሎ የሚናገርላት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው በገዛ አፉ ጠየቀኝ፣ አላውቃትም አልኩ። ልጅቷን ተከትዬ ልጠራት ወጣሁ፤ በግቢው ውስጥ ነጭ የለበሰው ሁሉ አንድ መሰለኝ፣ አላገኘኋትም።

ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ልጆቼ በየወሩ ሃያ አንድ ለምን ቀረሽ ሲሉኝ ጉልበቴን አሞኝ ነው እላቸዋለሁ። ጉልበቴስ ደኅና ነው።